ባለሦስት ቀለም ኩርፊያ

የተማሩት ነገር እዚያው ትምህርት ቤት የሚቀርላቸው ሰዎች አሉ። እቀናባቸዋለሁ። ታሪክ የሚያስተምረው ጎረቤታችን ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲገባ አንድም ንጉሥ ተከትሎት ሲመጣ አላየሁም። ኬሚስትሪ ያጠናችው ጓደኛዬም ወጥ ስትሠራ እንደማንኛችንም ጨው ታበዛለች። የእኔ ትምህርት ግን ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። መጥቶም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ወንድሜን ልዳር አለ።

ጎንደር ውስጥ ባጃጅ ከእግረኛ መብዛት በጀመረበት ዘመን፣ እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪዬን እሠራ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ በጣም ረጅም ስለሆነ እናቴ "ልጅሽ ምንድን ነው የምታጠናው?" ስትባል "ነጥብና መስመር" ብላ ትገላገላለች። ሰዎቹ ጥልፍ ይመስላቸዋል። አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ያምናሉ።

እናቴ ግን አልዋሸችም። ወረቀት ላይ ነጥቦች አሉ እንበል። ነጥቦቹን ሁለት ሁለቱን የሚያገናኙ መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹም ቀለም አላቸው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። የእኔ ሥራ እያንዳንዱን ነጥብ አንድ ቀለም ያለው ቡድን ውስጥ ማስገባት ነው። አንድ መስመር ደስ የሚለው ሁለቱም ጫፎቹ የራሱን ቀለም ቡድን ሲያገኙ ብቻ ነው። አለዚያ ያኮርፋል። (ማኩረፍ የሚለው ቃል የእኔ ነው፤ መጻሕፍቱ ሌላ ስም አላቸው፤ ግን ሲያኮርፍ አይቻለሁና አልለውጠውም።) ጥያቄው፣ የሚያኮርፉት መስመሮች በተቻለ መጠን ጥቂት እንዲሆኑ ነጥቦቹ እንዴት ይመደቡ የሚል ነው።

ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ነጥቡ ሲበዛ ግን ኮምፒውተር ዕድሜ ልኩን ቢለፋ የማይጨርሰው ነገር ነው። መጀመሪያ ይህን ሳውቅ ተስፋ ቆርጬ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ። አማካሪዬ ፈገግታ የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሹራቡን ቁልፎች አዛንፎ የሚቆልፍ ዶክተር ነው።

"የነጥቡ ብዛት አያስጨንቅሽ" አለኝ። "ስንት ኩርፊያ ትችያለሽ? ጥያቄው እሱ ነው። የምትፈቅጂው ኩርፊያ ጥቂት ከሆነ ነጥቡ የፈለገውን ያህል ቢበዛ ሥራው ያልቃል።"

ይህ አባባል በጣም ስላስደሰተኝ ምሳ ላይ ለቤተሰቤ አወራሁት። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚያ ምሳ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ጀማል አይከል ከሚኖሩ ሰዎች ልጅ ሊያገባ ቀን ተቆርጦ ነበር። ሙሽራዋን ለማምጣት ሠርገኛው ከጎንደር ተነሥቶ አይከል መሄድ አለበት። ለዚህም አባባ ሦስት መኪኖች አዘጋጅቷል፤ አንድ ቅጥቅጥ አውቶብስ፣ አንድ ሚኒባስና አንድ ላንድ ክሩዘር። ሙሽራውና ሚዜዎቹ የራሳቸው መኪና ስላላቸው እነሱን እንተዋቸው። አሁን የምናገረውን የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፤ አውቶብሱ ቀይ ነበር፣ ሚኒባሱ ነጭ፣ ላንድ ክሩዘሩ ሰማያዊ። እኔ አልቀባኋቸውም።

አባባ ወሬዬን ሰምቶ ጨረሰና ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እንግዲያው የሠርገኛውን አሳፋፈር ላንቺ ሰጥቻለሁ" አለ።

"አባባ፣ ይህ እኮ ቲዮሪ ነው።"

"ቲዮሪውንም ይዘሽው ነይ።"

አባባን ሙሉ በሙሉ መውቀስ አይቻልም። ከዚያ በፊት በነበረው የዘመድ ሠርግ ሰው ያለ ሥርዓት ተሳፍሮ፣ አንዲት ዘመዳችን ከቀድሞ ባሏ እናት ጋር ጭን ለጭን ተጣብቃ እስከ ሳንጃ ሄዳለች። ሁለቱም እስከ ዛሬ የሳንጃን ስም ሲሰሙ ወሬ ይለውጣሉ። ስለዚህ አባባ መድኃኒት ሲፈልግ ቆይቶ ድንገት ልጁ ሐኪም ሆና የተገኘችለት ያህል ነበር።

ሦስቱ መኪኖች የየራሳቸው ጠባይ ተሰጣቸው። ቀዩ አውቶብስ የዘፈን ነው፤ ድቤ ያለው እሱ ላይ ነው። ነጩ ሚኒባስ የጸጥታ ነው፤ ሽማግሌዎችና መኪና የሚያማቸው ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሄዱበት። ሰማያዊው ላንድ ክሩዘር የወሬ ነው፤ ነጋዴዎቹ የሰሊጥ ዋጋና የሰው ጉዳይ የሚያነሡበት። እኔም ወረቀት ዘርግቼ ለእያንዳንዱ ሠርገኛ ነጥብ ሰጠሁ። ሁለት ሰዎች አብረው ሲዘፍኑ የሚስማሙ ከሆነ በመሃላቸው ቀይ መስመር፣ አብረው ዝም ሲሉ የሚስማሙ ከሆነ ነጭ፣ ሲያወሩ ከሆነ ሰማያዊ። ነጭ እርሳስ ነጭ ወረቀት ላይ እንደማይታይ ዘግይቼ ስለተረዳሁ ነጮቹን በነጠብጣብ ሠራኋቸው።

ለምሳሌ አክስቴን ዘሃራንና የፊት ለፊት ጎረቤታችንን እማማ ብርቄን እንውሰድ። አክስቴ ድቤ ስትመታ ሰፈሩን የምታነቃንቅ ሴት ናት። እማማ ብርቄ ደግሞ ክርስቲያን ሆነው የእኛን የሠርግ ዘፈን ከእኛ ይበልጥ የሚያውቁ ናቸው። ሁለቱ አብረው ሲዘፍኑ እኅትማማች ይመስላሉ። ማውራት ከጀመሩ ግን ብዙም ሳይቆዩ ይጣላሉ፤ ዝም ካሉም እያንዳንዳቸው ሌላዋ ምን እያሰበች እንደሆነ ይጠረጥራሉ። ስለዚህ ቀይ መስመር።

እዚህ ላይ ብቆም ደግ ነበር። እኔ ግን ጥናት መረጃ ይፈልጋል ብዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ።

"ከማን ጋር መሄድ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት አክስቴን።

"ብርቄ ምን አለች?"

"ከዘሃራ ጋር በዘፈኑ መኪና አሉ።"

"በዘፈኑ ብቻ?" አለችና የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። "ወሬዬ ምን ሆነባት?"

እንዲህ እያልኩ፣ ኩርፊያን ለመቀነስ በወጣሁበት መንገድ፣ በፊት ያልነበረ ኩርፊያ ሰፈር ውስጥ ተክዬ ተመለስኩ። ሰው እኔን ሲያይ በር መዝጋት ጀመረ። አንድ የሩቅ ዘመዳችን ደግሞ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ስለሱ የተባለውን ሁሉ በዝርዝር እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ምንም እንዳልተባለ ስነግረው ከሁሉም የባሰ አኮረፈ።

ከሁሉም ያስቸገሩኝ ግን አያ ጓንጉል ናቸው። አያ ጓንጉል ከዳባት በላይ ካለ ደጋ የሚመጡ ገበሬ፣ የአባባ የድሮ ደንበኛ ናቸው። ከቤታችን ሠርግም ለቅሶም ቀርተው አያውቁም፤ የክርስቲያኑ ምግብ ለብቻ ሲሰናዳ መጀመሪያ የሚታሰበው የሳቸው ድርሻ ነው። ችግራቸው ከሁሉም ሰው ጋር በሁሉም ነገር መስማማታቸው ነው። ቀይም፣ ነጭም፣ ሰማያዊም መስመር ከሳቸው ይወጣል፤ ወረቀቴ ላይ ያለች ነጥባቸው ጃርት መስላለች።

"አያ፣ ከሦስቱ መኪና አንዱን ይምረጡ" አልኳቸው።

"ማኪናዎቹ ምነው ተጣሉ?"

"አልተጣሉም። ሰዎቹ እንዳይጣሉ ነው።"

"ሸጋ። እንግዲያ በሁሉም እሄዳለሁ።"

ይህንን ለአማካሪዬ ስነግረው አልገረመውም። "አንዳንድ ነጥቦች ከአንድ በላይ ቡድን ውስጥ እንዲገቡ የሚፈቀድበት ዓይነትም አለ" አለኝ።

"ዶክተር፣ ነጥብ አይደሉም። ሰው ናቸው።"

"ሰው ከሆኑ መሃል መንገድ ላይ መኪና ይቀይሩ" አለና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

ስለዚህ አያ ጓንጉል እስከ አዘዞ በሰማያዊው እንዲሄዱ፣ አዘዞ ላይ ሁላችንም ቆመን ወደ ቀዩ እንዲያልፉ ወሰንኩ። ነጩን ስንመለስ ይካሳሉ። ከዚያ ወደ ስሌቱ ገባሁ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው ቀለማቸው የተለያየ ሁለት መስመሮች ካሉት ከሁለቱ አንዱ ማኩረፉ የማይቀር ነው፤ ሰውየው የሚቀመጠው አንድ መኪና ላይ ነዋ። ስለዚህ "ይሄኛው ያኩርፍ" ብዬ አንዱን እሰርዝና እቀጥላለሁ። የፈቀድኩት ኩርፊያ ካለቀብኝ ወደ ኋላ ተመልሼ "አይ፣ ያኛው ይሻላል" እላለሁ። ስሰርዝ፣ ስመለስ፣ ስሰርዝ ሰነበትኩ። ጀማል ኮቱን ሊለካ ወጥቶ ሲመለስ፣ ሰው በርበሬ ሲያስፈጭ፣ እኔ ወረቀቴ ላይ ተደፍቼ ነበር። በመጨረሻ ያላሰብኩት ነገር ሆነ። አንድ መስመር ብቻ የሚያኮርፍበት አመዳደብ አገኘሁ። ከዚያ በታች እንደማይወርድም አረጋገጥኩ።

ያቺ አንዲት መስመር የነበረችው በአባባና በታላቅ ወንድሙ በሐጂ ኑሩ መሃል ነው።

ስለ ሐጂና ስለ አባባ ልንገራችሁ። ሁለቱ በአንድ ሱቅ ሲነግዱ የኖሩ ወንድማማቾች ናቸው። በኋላ አባባ የተሰፋ ልብስ እናስገባ አለ፤ ሐጂ ጨርቅ በሜትር ካልተሸጠ ንግድ አይደለም አሉ። አልተሰዳደቡም። አናጺ ጠርተው ሱቁ መሃል የኮምፔርሳቶ ግድግዳ አቆሙና አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ካለ በኮምፔርሳቶው በኩል ይሳሳላሉ፤ ደንበኛ ነው መልእክቱን የሚያደርሰው። እኔ መስመራቸውን ስሠራ ቀለም ቸግሮኝ ነበር። ቀይ እንዳልል ሁለቱም ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም። ሰማያዊ እንዳልል አያወሩም። አብረው ሲቀመጡ ያየሁት ለቅሶ ቤት ብቻ ስለሆነ ነጭ ነጠብጣብ አደረግኩላቸው። ሐጂ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነጩ ላይ ናቸው። አባባ ደግሞ ሰማያዊ መስመሩ ብዙ ነው፤ ነጋዴው ሁሉ ከሱ ጋር ማውራት ይፈልጋል። ስለዚህ ነጠብጣቧን ሰረዝኳት። ሒሳቡ ውስጥ ሁሉም መስመር እኩል ነው።

የሠርጉ ዕለት ጧት በራችን ላይ ወንበር ላይ ቆሜ ስም ጠራሁ። ሰው ሁሉ የተባለበት መኪና ላይ ወጣ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አክስቴና እማማ ብርቄ ተቃቅፈው ቀዩ ላይ ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹ ነጩ ላይ ከመቀመጣቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ላንድ ክሩዘሩ ገና ሳይነሣ የሰሊጥ ዋጋ ጀመረ። እናቴ አቅፋ ሳመችኝ። ለአማካሪዬ በስልክ "አንድ ኩርፊያ ብቻ" ብዬ ጻፍኩለት። "ደግ" ብሎ መለሰ። እሱ ደግ ካለ ሌላው ሰው እልል አለ ማለት ነው።

አዘዞ ደርሰን በተባለው መሠረት ቆምን። አያ ጓንጉል ከላንድ ክሩዘሩ ወርደው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ የተለዩአቸውን ነጋዴዎች አንድ በአንድ ጨብጠው ተሰናበቱ። ሱዳን የሚሄዱ እንጂ አጠገቡ የቆመ አውቶብስ ላይ የሚወጡ አይመስሉም። በዚህ መሃል ላንድ ክሩዘሩ በሩ ተከፍቶ ቆየ። ውስጡ አባባ ተቀምጦ፣ አንድ ነጋዴ በነገረው ነገር ከልቡ እየሳቀ ነበር። ሐጂ ከሚኒባሱ መስኮት ይህንን አዩ። ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። ማንንም ሳያናግሩ መንገዱን ተሻግረው አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ሻይ ያማራቸው መሰለን። ሻይ አላዘዙም።

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሐጂ ዞር ብለውም አላዩ። እናቴ ሄዳ ለመነቻቸው፤ "እናንተ ሂዱ፤ ወንድሜ ከኔ ጋር መቀመጥ የሚያሳፍረው ከሆነ ሠርጉንም አላሳፍረውም" ብለው መለሷት። አባባ ይህ ሲነገረው ፊቱ ጠቆረ። "ታላቅ ነኝ ብሎ መንገድ ላይ ያዋርደኝ? ከቀረ ይቅር" አለ።

ከቀረ ይቅር ማለት ግን አይቻልም። አይከል ያሉት የሙሽራዋ አባት አቶ ይማም ልጃቸውን እሺ ያሉት ለሐጂ ብለው ነው። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት ሐጂ፣ ቃል የተቀበሉት ሐጂ፣ ኒካሁ ሲታሰር በጀማል ስም "ተቀብያለሁ" የሚሉትም ሐጂ ናቸው። ያለሳቸው አይከል ብንደርስ "ቃሌን የሰጠሁት ሰው የታለ?" መባላችን ነው። ጀማል ከፊት ካለው መኪና ወርዶ፣ አዲሱን ኮቱን እንደለበሰ መንገድ ዳር ቆሞ አየኝ። አንድ ሙሽራ እንደዚያ ሲያያችሁ ብትሰደቡ ትመርጣላችሁ።

ወረቀቴን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ።

"ሐጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አልኳቸው።

"ይጠብቅ። እኔም ያ ኮምፔርሳቶ እስኪነሣ ብዙ ጠብቄአለሁ።"

"አባባ አይደለም የለያችሁ። እኔ ነኝ።"

"አንቺ ምን አድርጌሽ?"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ነጥቡን፣ መስመሩን፣ ቀለሙን አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁና አጎነበሱ። ከፈታኞቼ መካከል እንደሳቸው ትኩር ብሎ ሥራዬን ያየልኝ ሰው አልነበረም።

"እኔ የትኛው ነኝ?"

"ይቺ ነጥብ።"

"ትንሽ ናት።"

"ሁሉም እኩል ነው፣ ሐጂ።"

"አባትሽስ?" አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከራሳቸው ነጥብ ወደ አባባ ነጥብ እየጎተቱ ወሰዱት። "ይሄ የተሰረዘው ነጠብጣብ ምንድን ነው?"

"ነጭ መስመር ነው። ነጭ ማለት አብረው ዝም ብለው መሄድ የሚስማማቸው ሰዎች ማለት ነው።"

"እኔና አባትሽ ነጭ መሆናችንን ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ሳያችሁ ኖሬ ነው።"

"ያየሽው ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ነው" አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። በጎልማሳነታቸው የጨርቅ ጣቃ ይዘው ወደ አይከልና ወደ መተማ ገበያ ሲወርዱ የሚሄዱት ጭነት መኪና ላይ፣ ከጭነቱ በላይ ተቀምጠው ነበር። ሹፌሩ እንቅልፋም ነው። መሪ ይዞ ያንቀላፋል። ስለዚህ ሁለቱ ከላይ ሆነው፣ የመኪናውን ጣሪያ እየደበደቡ፣ ሹፌሩ እንዳይተኛ መንገዱን ሁሉ ሲዘፍኑ ይሄዳሉ። አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይቀበላል። ሌሎች ሹፌሮች ሰምተው፣ እነዚያን ወንድማማቾች ለእኛ ስጡን እያሉ ይሻሟቸው ነበር።

"ሐጂ ይዘፍናሉ እንዴ?" አልኩ ሳላስበው።

"ያን ጊዜ ሐጂ አልነበርኩም" አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። "ቀይ ነን። አስተካክይው።"

ሮጬ ወደ ላንድ ክሩዘሩ ተመለስኩ። አባባ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዙሮ ተቀምጧል።

"አባባ፣ ሐጂ ቀይ ነን ይላሉ።"

ፊቱን ወደኔ መለሰና "የጭነቱን መኪና ነገሩሽ?" አለ።

"ነገሩኝ።"

"ሹፌሩ እንቅልፋም እንደነበረስ?"

"እሱንም።"

ያ ሹፌር አሁንም እየተኛ ያለ ያህል፣ አባባ በሩን ከፍቶ ወረደ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሏችሁ ከሆነ ሒሳቡን አልተከታተላችሁም። ሁለቱ ቀዩ አውቶብስ ላይ ወጥተው የኋላው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ድቤው ቆመ። አክስቴ ዘሃራ ወደኔ መጥታ "ሐጂ ከኋላችን ተቀምጠው እንዴት ብለን ነው ትከሻ የምንነቀንቀው?" አለችና ወርዳ ነጩ ላይ ወጣች። እማማ ብርቄም ያለሷ ማን አለኝ ብለው ተከተሏት። ሁለቱ ደግሞ ነጩ ውስጥ ሊዘፍኑ ስለማይችሉ ማውራት ጀመሩ፤ ሲያወሩም ተጣሉ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ገልጠው ትንሽ ታገሡና ወደ ላንድ ክሩዘሩ ፈለሱ። እዚያ ሲገቡ ነጋዴዎቹ ስለ ሰሊጥ የጀመሩትን ወሬ ከአክብሮት የተነሣ አቋረጡ፤ ቦታ ያጡት ወርደው ሚኒባሱ ላይ፣ በአክስቴና በእማማ ብርቄ ጠብ መሃል ተቀመጡ፤ ወዲያው ገላጋይ ሆኑ፤ ከገላጋይነትም ወደ ምስክርነት አለፉ። የዘፈኑ መኪና የሁለት ሽማግሌዎች፣ የጸጥታው የጠብ፣ የወሬው የጸጥታ ሆነ። ያን ሁሉ ቀን የደከምኩበት ወረቀት ላይ ያላኮረፈ መስመር ለማግኘት ብሞክር አጣሁ። ለእኔም መቀመጫ ጠፍቶ ቀዩ አውቶብስ በር ላይ፣ ረዳቱ የሚቆምበት ቦታ ቆምኩ።

ከአዘዞ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባባ የፊቱን ወንበር ብረት በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ሐጂ አወጡ፤ አባባ ተቀበለ።

ዘፈኑን እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ሲዘፍነው አልሰማሁም። የገዛ ፈጠራቸው ነበር። በመንገዱ ላይ ያለውን ከተማ ሁሉ እየጠራ፣ በየአልቤርጎው ያለውን ቁንጫ የሚያማርር ዘፈን ነው። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ስንኝ፣ እያንዳንዱ ቁንጫ የራሱ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ድምፃቸው እንደዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲጢጥ አለ፤ ከዚያ ተከፈተ። አያ ጓንጉል ጋቢያቸውን አደግድገው መሃል መተላለፊያው ላይ ቆሙ። አውቶብሱ ላይ የቀሩት ሴቶች ጭብጨባ ጀመሩ፤ ድቤውንም አንዷ አነሣችው። ሹፌሩ እንቅልፍ ያልያዘው ሰው ቢሆንም እሱም ተቀበለ። የአይከል ስንኝ ሲደርስ ወንድማማቾቹ ተያዩ። የምናመጣት ሙሽራ የአይከል ልጅ ናት። ሐጂ አሳሉ፤ አባባም አሳለ፤ ቁንጫውን ዘለሉትና ከመጀመሪያው ከተማ እንደገና ጀመሩ። እንዲህ ሲመላለሱ አይከል ደረስን።

"ልጄ" አሉኝ አያ ጓንጉል ላባቸውን እየጠረጉ ሲወርዱ፣ "ይኸ ትምህርትሽ መቼ ነው የሚያልቅ?"

"ዘንድሮ፣ አያ።"

"ሸጋ" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለሕዝቡ አልገባኝም።

የአቶ ይማም ቤት በእንግዳ ተሞልቷል። ወንዶቹ ትልቁ ክፍል ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶች በሩ ላይ ተደራርበን ቆምን። አያ ጓንጉል የክርስቲያን እንግዳ ናቸው ተብለው በክብር በሩ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ያኮረፈውም፣ የተጣላውም፣ ምስክር የሆነውም አንድ ላይ ጸጥ አለ። ኒካሁን የሚያስሩት ሸኽ ዱዓ አደረጉ፤ አቶ ይማም ልጃቸውን መስጠታቸውን ተናገሩ። ከዚያ ሸኹ ወደ ሐጂ ዞረው ስለ ጀማል ሆነው መቀበላቸውን ጠየቁ።

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ።

ድምፃቸው ከቁንጫዎቹ ጋር መንገድ ላይ ቀርቷል። ሐጂ እንደገና ሞከሩ፤ ያው ትንፋሽ። ወደ አባባ ዞረው በዓይናቸው ለመኑት። አባባም ወንድሙን ሊያግዝ ብድግ አለና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ከሱም የወጣው ነፋስ ነው። የጀማል ግንባር ላይ ላብ ሲወርድ በር ላይ ቆሜ አየሁት። አክስቴ ዘሃራ እጄን ጨበጠችኝ፤ በሌላ እጇ የእማማ ብርቄን እጅ እንደያዘች ያየሁት ኋላ ነው። ሥራዬ ያመጣው ነገር ሁሉ በፊቴ ታየኝ፤ ሐጂን ከወንድማቸው ለይቼ ሠርጉን ላበላሽ ነበር፤ አሁን ደግሞ አገናኝቼ አበላሸሁት።

ሸኹ አልተቆጡም። በተቀመጡበት ወደ ሐጂ ቀረብ አሉና ጆሯቸውን ወደ ሐጂ አፍ አስጠጉ። ሐጂ በጆሯቸው አንሾካሾኩ። ሸኹ ጥቂት አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተቀብያለሁ ብለዋል፤ ሰምቻለሁ" አሉ። ምስክሮቹም ተጠግተው አዳመጡና ሰምተናል አሉ። ክፍሉ በሙሉ "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ እኛም እልልታውን ለቀቅነው። ጀማል ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳውን ተደገፈ።

አቶ ይማም ግን ከቦታቸው አልተነሡም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። አጠገባቸው ወደተቀመጡት ወንዶች ልጆቻቸው ዞረው፣ እኛም እንድንሰማ ያህል፣ "አያችሁ" አሉ። "ጨዋ ማለት እንዲህ ነው። በዚህ ቤት ጩኸት ብቻ ነው የምሰማው። እነዚህ ወንድማማቾች ግን በሕይወታቸው አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉ አይመስለኝም።"

ሐጂና አባባ አንገታቸውን ደፉ። ይህ ደግሞ እንደ ትሕትና ተቆጠረላቸው።

አያ ጓንጉል የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ተነሡና በሩ ላይ በቆምነው ሴቶች መሃል እየተጋፉ ወደ ውጭ ወጡ። ደንግጬ ተከተልኳቸው። ጓሮው ውስጥ አጥሩን ተደግፈው፣ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር። እኔም አጠገባቸው ቆምኩና የእኔም ትከሻ ጀመረው። የሙሽራዋ አክስቶች ይህን ሲያዩ ውሃ ይዘው መጡ።

"አይዞዎት፣ አያ" አሉ አንደኛዋ። "ልጅ መዳር ሆድ ያባባል።"

"ምን ላድርግ" አሉ አያ ጓንጉል ውሃውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። "እነዚህ ሰዎች ዝምተኛ ሆነው አልቻልኳቸውም።"

ሴትዮዋ እሳቸውን አባብለው ሲጨርሱ ለእኔም ብርጭቆ ሞሉልኝ።